የዮሐንስ ልጅ፦ በኖርዌይ መዝገብ የፈለግናት አያት



ልጆቻችን በየአገሩ ከተበተኑ ወዲህ ቤተ ዘመዳችንም አብሮ ሰፍቷል። የልጅ ልጅ ሲመጣ ከማናውቀው አገር አያትና ቅድመ አያት ይዞ ይመጣል። «የእኔ ዘር ከየት ነው?» ብሎ ሲጠይቀን ግማሹን መልሰን ግማሹን መተው ይከብዳል። የዛሬው ጨዋታዬ ያንን ሌላውን ግማሽ ስለ መፈለግ ነው። አገሩ ኖርዌይ ነው፤ የማነሣቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጄ የሚኖረው በርገን በምትባለው የወደብ ከተማ ነው፤ ሚስቱ የዚያው አገር ልጅ ናት። ባለፈው ክረምት ሦስት ወር አብሬያቸው ሰነበትኩ። የልጅ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። በአባቷ በኩል እስከ ሰባት ቤት አስቆጥሬያት በቃሏ ያዘችው። በእናቷ በኩል ግን ቶሎ ቆመች። የምራቴ እናት፣ አማቼ፣ 78 ዓመታቸው ነው። እሳቸው የሚያውቁት እስከ ሴት አያታቸው ድረስ ብቻ ነበር። አያታቸው በልጅነታቸው ከገጠር መጥተው በርገን ውስጥ በሰው ቤት ሲሠሩ ኖረዋል። የአያታቸው አባት ማን እንደ ነበር ሲጠየቅ በቤቱ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «ሳይጋቡ ባሕር በላው።» ከዚያ በኋላ ወሬው ይለወጣል።

የኖርዌይን ዘር መፈለግ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀልበት አንድ ምክንያት አለ። የድሮ ኖርዌጂያውያን በአባት ስም የሚጠሩት እንደኛው ነበር። የሃንስ ልጅ ኦሌ፣ ኦሌ ሃንሰን ይባላል። የኦሌ ልጅ ላርስ ደግሞ ላርስ ኦልሰን ይሆናል እንጂ የአያቱን ስም ይዞ አይቀጥልም። «ሰን» ወንድ ልጅ ማለት ነው፤ ለሴት «ዳተር» ይባላል። በገጠር ሴቲቱ ስታገባም የአባቷን ስም አትጥልም ነበር። በዚህ ላይ የሚኖሩበት እርሻ ስም ይታከላል። ቤተሰቡ ወደ ሌላ እርሻ ሲዛወር ግን ያ ስም ይቀየራል፤ ነገሩ ከስምነቱ ይልቅ አድራሻነቱ ያይላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቋሚ ስም እንዲይዝ ሕግ የወጣው በ1923 ነው። «የእገሌን የቤተሰብ ስም ይዤ ወደ ኋላ ልሂድ» የሚል ፈረንጅ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። እኛ ግን ለምደነዋል።

የአማቼ አያት ሁለተኛ ስም «ዮሐንስዳተር» ነበር። ቃሉን በቤቱ ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ዮሐንስ የሚባል ሰው በእርግጥ እንደ ነበረ ቆም ብሎ ያሰበ አልነበረም። እኔ ስሰማው «የዮሐንስ ልጅ ማለት አይደለም ወይ?» አልኩ። ፍለጋችን የተጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው።

መዝገቡን የጻፉት በአብዛኛው ካህናት ናቸው። በ1680ዎቹ የወጣ ሕግ ካህናት የተጠመቀውን፣ የተጋባውንና የተቀበረውን እንዲመዘግቡ አዘዘ። ዛሬ በእጅ ከሚገኙት የአጥቢያ መዝገቦች የመጀመሪያው ግን ከዚያም ይቀድማል፤ አንደቡ ከተባለ አጥቢያ የተገኘውና በ1623 የሚጀምረው ነው። ከ1736 ወዲህ ወጣቶች በቤተ ክርስቲያን ፊት እምነታቸውን የሚያጸኑበት ሥርዓት ግዴታ ስለሆነ የእሱም ዝርዝር ተጨመረ። በ1812 ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ሁለተኛ ቅጂ እንዲይዝ፣ ሁለቱ መዝገቦችም በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድሩ ታዘዘ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ዕድሜዬን ሙሉ ከካርድና ከመዝገብ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝና ይህን ያሰበውን ሰው አመሰገንኩት።

ሁለተኛው ምንጭ የሕዝብ ቆጠራ ነው። መላ አገሪቱን በስም የመዘገበው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1801 ነው። ከዚያ በኋላ እስከ 1865 ድረስ የተደረጉት በአብዛኛው ቁጥር ብቻ የያዙ ናቸው። ከ1865 ወዲህ ያሉት፣ የ1875፣ የ1891፣ የ1900 እና የ1910፣ በስም ናቸው። የ1865ቱ የትውልድ አጥቢያን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ከብትና የዘራውን እህል ጭምር ይዟል። የ1910ሩ ሙሉ የልደት ቀን ይሰጣል። የእያንዳንዱ ሰው መልስ ለ100 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ የ1920ው ቆጠራ ለሕዝብ የተከፈተው በ2020 ነው። ይህ ሁሉ «ዲጂታልአርኪቬት» በሚባለው የአገሪቱ ቤተ መዛግብት የኢንተርኔት ገጽ ላይ በነፃ ይታያል።

አካሄዱ አንድ ነው፤ ከሚታወቀው ተነሥቶ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መሄድ። መዝለል የለም።

ከ1910ሩ ቆጠራ ጀመርን። በርገን ውስጥ በዚያ ስም የምትጠራ የቤት ሠራተኛ ፈለግን፤ ሁለት አገኘን። የልጅ ልጄ የመጀመሪያዋን ይዛ ልትሮጥ ስትል አስቆምኳት። ካርድ ክፍል የሠራ ያውቀዋል፤ የራስ ስምና የአባት ስም አንድ የሆኑ ሦስት በሽተኞች በአንድ ቀን ይመጣሉ። ዕድሜና ቀበሌ ካልተመሳከረ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል። እዚህም የልደት ቀንና የትውልድ አጥቢያ ማመሳከር ነበረብን። አማቼ የአያታቸውን የልደት ቀን የሚያስታውሱት በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ኬክ ይቆረስ ስለነበር ነው። በቀኑ ሁለቱን ለየናቸው። የእኛዋ የተወለደችው በ1889፣ ከበርገን በስተሰሜን ባለችው ሶግን በምትባል አውራጃ ነው።

ቀጥሎ የ1900ው ቆጠራ። ልጅቱ 11 ዓመቷ ነው፤ ልክ እንደ የልጅ ልጄ። የምትኖረው ከእናቷ አባትና እናት ጋር ነው። እናቷ ሌላ እርሻ ላይ ተቀጥራ ትሠራለች። አያትየው የተመዘገቡበትን ቃል ምራቴ ስታስረዳኝ በአማርኛ አንድ ቃል ብቻ መጣልኝ፤ ጭሰኛ። በሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሰው፣ ለባለ እርሻው ጉልበታቸውን እየከፈሉ የሚኖሩ ናቸው።

ሦስተኛው የአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ነበር። ጽሕፈቱ ጎቲክ የሚባለው የድሮ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነ ምራቴ እንኳ በአገሯ ቋንቋ ፊደል እየቆጠረች ነው ያነበበችው። የልጅቱ ስም፣ የእናቷ ስም፣ ክርስትና ያነሷት ሰዎች ስም ሁሉ አለ። «አባት» በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ ዮሐንስ የሚባል፣ ከጎረቤት እርሻ የሆነ ላጤ ተጽፏል። አጠገቡ እናቲቱ የጠቀሰችው አባት መሆኑን የሚያሳይ ቃል አለ። ካህኑ የጻፈው የሰማውን ነው እንጂ ያረጋገጠውን አይደለም፤ ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል።

ልጅቱ ከጋብቻ ውጭ መወለዷን የሚገልጸው የመዝገቡ ቃል ሌላ ትርጉሙ «እውነተኛ ያልሆነ» ማለት ነው። የልጅ ልጄ አንብባ ቀና አለችና «ልጅ እንዴት እውነተኛ ያልሆነ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቃሉ የዘመኑ ሕግ ቃል እንደ ነበረ፣ ልጅቱ ግን እንደ እሷ ሙሉ ልጅ እንደ ነበረች ነገርኳት።

አራተኛው መዝገብ ነገሩን ገለበጠው። አጥቢያው ለቀው የወጡትንም ይጽፋል፤ በበርገን ደግሞ ከ1874 ጀምሮ ፖሊስ በመርከብ የሚሄዱትን ስደተኞች ይመዘግብ ነበር። ዮሐንስ በዚያው በ1889 ሚያዝያ ወደ አሜሪካ ሄዷል፤ ልጁ ከመወለዷ አራት ወር በፊት። ስሙ፣ የትውልድ ዓመቱና እርሻው ገጥሟል። የቤቱ ታሪክ እንደሚለው ሰጥሞ አልሞተም።

«ትቷት ሸሸ» ማለት ቀላል ነው። መዝገቡ ግን ሄደ ይላል እንጂ ሸሸ አይልም። በ1825 ሬስቶራሲዮን የምትባለው ትንሽ መርከብ ከስታቫንገር 52 ሰዎችን ይዛ ወደ ኒው ዮርክ ከተነሣች ጀምሮ፣ በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ከ800,000 በላይ ኖርዌጂያውያን ተሰደዋል። የሚበቃ መሬት አልነበረም። ሠርቶ ትኬት ሊልክላት አስቦ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ወረቀት ልብ ውስጥ ያለውን አይነግረንም።

አሁን ጥያቄው ለአማቼ እንዴት እንነግራቸዋለን የሚል ሆነ። ሰባ ዓመት ያመኑት ታሪክ ነው። የልጅ ልጄ ስልክ አንሥታ ልትነግራቸው ተነሣች። ምራቴ በበኩሏ «ይቅር፣ ምን ይጠቅማቸዋል?» አለች። እኔ በሥራዬ የተማርኩትን ነገርኳቸው፤ ውጤት የባለቤቱ ነው። እኛ ደስ ስላለን አይለፈፍም፤ እኛ ስለፈራንም አይደበቅም። መጀመሪያ ባለቤቱ ማወቅ ይፈልግ እንደሆነ ይጠየቃል።

ቡና አፍልተን ጠራናቸው። «ስለ አያትዎ አባት ያገኘነው ነገር አለ። ከሰሙት የተለየ ነው። ማወቅ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው፤ ምራቴ እያስተረጎመች። «ልደርበት» ብለው ሄዱ። በማግስቱ መነጽራቸውን ይዘው መጡ። ገጹን ራሳቸው አነበቡት። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁት ስለ ዮሐንስ አልነበረም። «አያቴ ያውቁ ነበር?» አሉ።

ማንም ሊመልስላቸው አልቻለም። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው መለሱት። «ስሙን ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጠርተውበታል። እናታቸው ካህኑ ፊት ቆማ ነው ያስጻፈችው። አላፈረችም ማለት ነው።» የልጅ ልጄን አስጠግተው በዛፉ ሥዕል ላይ ባዶ በነበረው ቦታ «ዮሐንስ» ብለው በእጃቸው ጻፉ።

ከዚያ ወዲያ ፍለጋው ቀጠለ፤ ዛሬ በጭሰኛው በኩል እስከ 1801 ቆጠራ ደርሰዋል። እኔን እንደ ጤና ባለሙያ ያስደሰተኝ የጭሰኛው የ1850ዎቹ የእምነት ማጽኛ መዝገብ ነው። ከስሙ ጎን የፈንጣጣ ክትባት የወሰደበት ቀን ተጽፏል። ክትባቱ ከ1810 ጀምሮ በሕግ ስለታዘዘ ካህኑ ሳያይ አያልፍም ነበር። የአንድ ድሃ ልጅ የክትባት ቀን ይህን ያህል ዘመን ተጠብቆ ሳይ ገረመኝ።

የኖርዌይ ደም ያለው የልጅ ልጅ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ ብትሞክሩት እንዲህ አድርጉ። ከመዝገብ በፊት በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ የልደት ቀን፣ የእርሻ ስም፣ የአጥቢያ ስም ያዙ። ስም ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ሌሎች ነገሮች ይግጠሙ። ክርስትና ያነሡትን ሰዎች ስም አትዝለሉ፤ ብዙ ጊዜ አጎትና አክስት ናቸው። የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት ስም መጠራቱ የተለመደ ስለ ነበር፣ የልጆች ስም ወደ አያቶች ይመራል። ልጅ ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም መስጠትም ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን አግኝታችሁ እንዳትቆሙ፣ የቀብሩንም ገጽ እዩ። በድሮዎቹ መዝገቦች ቀኑ እንደኛ አገር በበዓል ሊጠራ ይችላል፤ «ከሥላሴ በኋላ ሦስተኛው እሑድ» እንደ ማለት። የወር ስም በቁጥር ሲጻፍ ደግሞ 8 የሚለው ኦክቶበርን እንጂ ኦገስትን አይደለም፤ «ኦክቶ» በላቲን ስምንት ስለሆነ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በፍለጋው መካከል የተሸፈነ ነገር ብታገኙ በመጀመሪያ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ። ለልጆች ስትነግሩ በዕድሜያቸው ልክ ንገሩ እንጂ አትዋሹ። የእኛዋ ልጅ የሰማችውን ችላዋለች። ለክፍል ጓደኞቿ ስትናገር በእናቴ በኩል የዮሐንስ ልጅ አለች፣ በአባቴም በኩል ሰባት ቤት እቆጥራለሁ ትላለች። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ትቆጥራለች።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።