ሳንባውን አይተው ጡንቻውን ይረሱታል

አንድ አዛውንት ትንፋሽ አጠረኝ ብለው ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚደረግላቸው የታወቀ ነው። ደረታቸው ይደመጣል፣ ራጅ ይነሳሉ፣ ልባቸው ይታያል፣ ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያ ይሰካል። የጎላ ነገር ካልተገኘ «አባባ፣ ዕድሜ ነው» ተብለው ይሸኛሉ።

ይህ ግማሽ ምርመራ ነው። ሳንባ በራሱ አይነፋም፤ እንደ ወናፍ የሚከፍተው ጡንቻ ነው፣ በተለይም ድያፍራም። ጡንቻውን ደግሞ የሚያዘው ነርቭ ነው። ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው በሽታ የነርቭ ትእዛዝ ጡንቻው ዘንድ እንዳይደርስ ያግዳል፤ ኤኤልኤስ የሚባለው ደግሞ ነርቮቹን ራሳቸውን ይገድላል። ሁለቱም ከ60 ዓመት በኋላ ሊጀምሩ ይችላሉ። ኤኤልኤስ በጥቂት ሰዎች ላይ መጀመሪያ የሚታየው በትንፋሽ ማጠር ነው።

በጣም የሚያዘናጋው የጣቱ መለኪያ ነው። 96 ሲያሳይ ቤተሰቡም ሐኪሙም እፎይ ይላል። መለኪያው ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድን አያይም፤ ጡንቻ ሲደክም የሚጠራቀመው ደግሞ እሱ ነው። ኦክስጅን ብቻ ሲሰጥ ቁጥሩ ያምራል፣ የታመቀው ጋዝ ግን አይወጣም፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል።

«እነዚህ በሽታዎች ብርቅ ናቸው» የሚል መልስ ይሰማል። እውነት ነው፤ ፍንጫቸውን ለማግኘት ግን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሽተኛውን በጀርባቸው አስተኝቶ ሆዳቸውን ማየት ይቻላል፤ አየር ሲስቡ ከፍ ማለት ሲገባው ወደ ውስጥ ከገባ ድያፍራሙ ሳይደክም አልቀረም። በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብለው ሲቆጥሩ 20 ሳይደርሱ ከተቋረጠባቸው ያሳስባል። ጋደም ሲሉ ይብስብዎታል? ጠዋት ራስዎን ያምዎታል? ሲመሽ የዐይንዎ ቆብ ይወድቃል? እነዚህን መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። ጋደም ሲሉ መባሱ ብቻውን ሲሰማ ለልብ ድካም ይሰጥና ፋይሉ ይዘጋል።

የስህተቱ ዋጋ ከባድ ነው። ማያስቴኒያ ላለበት ሰው «ሳንባ ምች ነው» ተብሎ ጄንታማይሲን ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ቢታዘዝ ድክመቱ ሊብስና መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2011 እ.ኤ.አ. በሲፕሮፍሎክሳሲንና በመሰሎቹ ላይ ይህንኑ የሚመለከት ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል።

በአንጻሩ በጊዜ የታወቀ ማያስቴኒያ እንደ ፒሪዶስቲግሚን ባሉ እንክብሎች ይታገዛል። ኤኤልኤስ ፈውስ ባይኖረውም በጭንብል የሚሰጥ የትንፋሽ እገዛ ለብዙዎች ዕድሜ ይጨምራል፣ እንቅልፍም ይመልሳል። እርዳታ ሊያገኝ የሚችልን ሰው በእርጅና ስም ወደ ቤት መመለስ ቸልተኝነት ነው እንጂ የሐኪም ውሳኔ አይባልም።