«ነርሷ አታውቀውም» ለሚሉ

የሥጋ ደዌ ሕክምና ከልዩ ሆስፒታል አይውጣ የሚሉ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚጽፉት መከራከሪያ አላቸው። የጤና ጣቢያ ነርስ በዓመት አንድ ታካሚ እንኳ ካላጋጠማት በሽታውን እንዴት ትለየዋለች? ይላሉ። ስጋቱ እውነት አለው፤ ድምዳሜው ግን የታካሚውን እግር የረሳ ነው።

በሐረር አቅራቢያ ቢሲዲሞ የተባለ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አለ። በጀርመኖች ርዳታ የተቋቋመው ይህ ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 እንደተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥጋ ደዌ ማዕከል አለርት ሁሉ፣ ትልቅ ውለታ ውሏል። ይሁንና የዳኑትም ወደ ቀያቸው መመለስ ፈርተው በሆስፒታሎቹ ዙሪያ ሰፍረው ቀሩ። ማግለሉ አልቀረም፤ አድራሻ አገኘ እንጂ።

ደግሞስ ነርሷ የሚጠበቅባት ምንድን ነው? ገርጣ ያለውን የቆዳ ምልክት በጥጥ ጫፍ ነክታ ስሜት መኖሩን መጠየቅ፣ የክርንና የጉልበት ነርቮችን መዳሰስ። መድኃኒቱ እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወራት የሚዋጥ እንክብል ነው፤ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይታደላል። ነርቭ ሲቆጣ ግን ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ፈጥኖ ካልተጀመረ ጣት ደንዝዞ ሊቀር ይችላል። ነርቩ የተቆጣበት ታካሚ ወደ ሩቁ ልዩ ሆስፒታል ለመሄድ የአውቶቡስ ገንዘብ እስኪያጠራቅም ይጠብቅ?

ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ከመደበኛው ጤና ተቋም ጋር ካዋሃደች ወዲህ የባለሙያው ልምድ መሳሳቱ አይካድም። የዚህ መድኃኒቱ ግን ተከታታይ ሥልጠና ነው። አለርትና ቢሲዲሞ ቀዶ ሕክምናውንና የተወሳሰበውን ጉዳት ይያዙ፤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው ደግሞ አሠልጣኙ ይሁን።