ክንፉን ከኢንተርኔት፣ አየሩንስ ከየት?

«ባንኮ ጎቲቲ የቡና አገር ነው፤ የውድድር መኪና ክንፍ ምን ያደርግለታል?» የምትሉ አላችሁ። ዛሬ ግን ጠቤ ከእናንተ ጋር አይደለም። ክንፉን ከአውሮፓ ቡድን ሥዕል ገልብጦ፣ ኮምፒዩተር ላይ በቀይና በሰማያዊ አሸብርቆ «የመመረቂያ ሥራዬ» ከሚለው የምህንድስና ተማሪ ጋር ነው። «ኤ» ከሰጠው መምህሩም ጋር።

ነገሩን ለማታውቁት፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው በሠሯት ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ይወዳደራሉ። ፎርሙላ ስቱደንት ይባላል። ክንፏ የአውሮፕላን ክንፍ ተገልብጦ ማለት ነው፤ ያኛው ወደ ላይ ያነሣል፣ ይሄኛው ጎማውን ወደ አስፋልቱ ይጫናል፤ መኪናዋም ኩርባ ላይ አትንሸራተትም። (ቪትዝ ኋላ ላይ የሚለጠፈውን ጌጥ እዚህ ውስጥ አታስገቡብኝ።)

እንግዲህ የሚጫነው አየሩ ነው። አየር ሲሳሳ ጫናውም ይሳሳል። ባንኮ ጎቲቲ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚያ አየሩ 18 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 50 ኪሎ የሚጫን ክንፍ፣ በዚያው ፍጥነት እዚያ 41 ኪሎ ብቻ ይጫናል። የጎደለውን ለመመለስ የክንፉን ስፋት 22 በመቶ ያህል መጨመር ነው። ወይም ፍጥነቱን 10 በመቶ… ኩርባ ላይ! መልካም ጉዞ።

ፎርሙላ ዋን ሜክሲኮ ሲቲ፣ 2,200 ሜትር ላይ ሲካሄድ፣ ቡድኖቹ ለጠመዝማዛዋ ሞናኮ የሚገጥሙትን ትልልቅ ክንፍ ይዘው ይመጣሉ። እሱም ሆኖ የሚያገኙት ጫና ትንንሽ ክንፍ ከሚገጠምባት ከሞንዛ ብዙም አይርቅም። እኛስ አናውቅም እንዴ? የራሳችን አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ሲበር ለዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ የቀዳው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የመጣው፣ አንዱ ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ፓይለቱ ይሄን ያውቃል። ተማሪያችን ግን የአየሩን እፍጋት 1.225 ብሎ ይጽፋል፤ ሶፍትዌሩ ሲከፈት የሚያገኘው ቁጥር እሱ ነዋ! ባንኮ ጎቲቲ ላይ 1 ገደማ ነው።

የባንኮ ጎቲቲ ገበሬ ይበልጠዋል። ቡናውን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ የሚያሰጣው ከሥርም አየር እንዲያልፍበት ነው። የተሰጣው ከወፈረ እንደሚበላሽ ያውቃል፤ አሳስቶ ዘርግቶ ያገላብጣል። የአገሩን አየር ጠባይ አጥንቷል።

በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከመቶ ሰባው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተባለ፤ ገባ። መፍቻ ሳይጨብጥ የወጣው ግን ስንቱ ነው? ፎርሙላ ስቱደንት ላይ ከ1,000ው ነጥብ 150ው ለንድፍ ነው፤ ዳኞቹም «ለምን እንዲህ አደረጋችሁት? በምን ለካችሁት?» ብለው ያፋጥጣሉ። «ዳውንሎድ አድርጌው» ብላችሁ ሞክሩ እስቲ።

«የንፋስ መሞከሪያ ዋሻ የለንም» አትበሉኝ። የሱፍ ክር ቆራርጣችሁ ክንፉ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፣ ክንፉን ፒክአፕ ላይ እሰሩ፣ በሞባይል ቅረጹ። ክሩ ተኝቶ ወደ ኋላ ከተዘረጋ አየሩ ክንፉን ይዞ እየሄደ ነው። ከተንቀጠቀጠና ወደ ፊት ከዞረ አየሩ ተላቋል፤ ክንፉ ከንቱ ሆኗል።

ዲላ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ከከተማችሁ እስከ ባንኮ ጎቲቲ ከፍታው በመቶዎች ሜትር ይጨምራል። አንዱን ክንፍ ሁለቱም ቦታ ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በእኩል ፍጥነት፣ ከሥሩ ሚዛን አድርጋችሁ ለኩት። ልዩነቱ 4 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ለምን እንዳልሆነ ፈልጋችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ላይ ጻፉት።