ልጆችን ከማጀት አናባርር

እንደሚታወቀው በሰፈራችን ብዙ ወላጆች፣ በተለይም እናቶች፣ «እኔ አልተማርኩ፤ ልጄን ሒሳብ በምን ላስጠናው?» ሲሉ ይሰማሉ። አቅም ያለው አስጠኚ ይቀጥራል፤ የሌለው ደግሞ ነገሩን ለትምህርት ቤት ትቶ ዝም ይላል። የዝግጅት ክፍላችን ግን በዚህ አይስማማም። ለ6 ሰው የሚበቃ ሽሮ በዓይኗ ለክታ፣ የአስቤዛውን ብር ለወሩ አብቃቅታ የምታድር እናት ሒሳብ አታውቅም የሚል ማነው?

ችግሩ ወዲህ ነው። ልጁ ወደ ማጀት ብቅ ሲል «ሂድ ወዲያ፣ ከእግሬ ሥር ጥፋ!» ተብሎ ይባረራል። ወንድ ከሆነማ አይነሳ! እዚያው ማጀት ውስጥ ግን ስንት የሚቆጠር ነገር አለ።

ቡና ሲፈላ የ4 ዓመት ልጅ «ለእያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ሲኒ ደርድር» ቢባል፣ ሲጎድል ስንት እንደጎደለ ራሱ ይናገራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካስ ቢሆን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለት አይደለም እንዴ? አንድ እንጀራ ለሁለት፣ ግማሹ እንደገና ለሁለት ሲቆረጥ ልጁ ሩብን በዓይኑ ያያል፤ ኋላ በሰሌዳ ላይ ሲያገኘው አይደነግጥም። ለትልልቆቹ ደግሞ የበዓል ዶሮ አለች፤ በባህላችን 12 ብልት ይወጣታል። ለ6 ሰው ስንት ስንት ይደርሳል? 8 ሰው ቢመጣስ? እዚህ ላይ ልጁ ብቻ ሳይሆን አባወራውም ያስባል።

አንድ ነገር እንጨምር። ምስር ከሰፊ ሳህን ወደ ጠባብና ረጅም ብርጭቆ ሲገለበጥ ትንንሽ ልጆች «በዛ!» ይላሉ። ዣን ፒያዤ የተባለው የስዊዘርላንድ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የልጆች አስተሳሰብ አጥንቶ ጽፎበታል። ተሳሳትክ ብሎ መቆጣት አያስፈልግም። ወደ ሳህኑ መልሶ ይገልብጠው፤ 7 ዓመት ገደማ ሲሆነው ራሱ ይደርስበታል።

በእርግጥ ምስሩ ይፈሳል፣ ሽሮው ይደፋል፤ ኑሮ በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል እንዳልሆነ እኛም እናውቃለን። ስለሆነም በሽንኩርትና በድንች ቢጀመር ይሻላል፤ ቢወድቅም ተለቅሞ ይታጠባል። ከእሳትና ከፈላ ዘይት ግን ትንንሾቹ ፈጽሞ ይራቁ፤ ቆጠራው ምድጃው ሳይለኮስ ይለቅ።

በመጪው እሑድ ቡና ሲፈላ ሲኒውን ልጆች ይደርድሩ፤ ወንዶቹም ጭምር።