የደነዘዘችው ክር

የኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ወጣት ስድስቱን ክሮች ቃኝቶ ሲመታቸው፣ አምስቱ ጥርት ብለው እየጮኹ አንዷ ብቻ እንደ ታፈነች ሆና ዝም የምትልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ብዙው ሰው በመሣሪያው ይፈርዳል፤ አንዳንዱማ ከደመወዙ ቈጥቦ የገዛውን ጊታር በርካሽ ለመሸጥ ይነሣል። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ከመፍረድ በፊት መመርመር ይሻላል።

በመጀመሪያ የመሣሪያውን ጠባይ እንወቅ። የኤሌክትሪክ ጊታርን ድምፅ የሚቀበለው ፒክአፕ የተባለው ክፍል ነው። ይኸውም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። የብረት ክር በአጠገቡ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ማጉያው ደግሞ ያንን አጕልቶ ያሰማናል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ፈተና ጊታሩን ከማጉያው ነቅሎ ማዳመጥ ነው። ክሯ እንዲያ ስትመታ እንደ ጓደኞቿ የምትጮህ ከሆነ፣ ጥፋቱ በፒክአፑ በኩል ነው፤ ምናልባት ከክሯ ርቆ ይሆናል። ወይም ክሯ ለተራ ጊታር የተሠራች፣ በነሐስ የተጠመጠመች ትሆናለች፤ ማግኔት ነሐስን አይሰማምና ድምፅዋ ይደክማል።

ተነቅሎም ከደነዘዘች ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ የምትደነዝዘው የት ላይ ነው? በባዶዋ ስትመታ ብቻ ከሆነ፣ በአንገቱ ጫፍ የምታልፍበትን ጎድጎዳ ተመልከቱ። በአንገቱ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች በአንዱ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያ ብረት ላልቶ ይሆናል። በሁሉም ስፍራ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ክሯ ራሷ ናት።

ወፍራሟ ክር በሰኮንድ 82 ጊዜ ያህል ትርገበገባለች። ድምፅዋን የሚያጠራው ግን ከዚህ በላይ ያሉት ፈጣን ርግብግብታዎች ናቸው። የእጅ ላብና እድፍ በጥምጥሙ መካከል ሲገባ አስቀድሞ የሚገድለው እነዚህኑ ነው። ስለዚህ ያቺን አንድ ክር ብቻ ለውጡ፤ ስትወጥሯትም እንዳትጠማዘዝ ተጠንቀቁ። አዲሲቱ ክር በአሮጌዎቹ መካከል ጥቂት ቀን ከመጠን በላይ ብትጮህ አትደንግጡ።

አዲሲቱም ከደነዘዘች ብርኩማውን ጥረጉ። ክር በሚያርፍበት ስፍራ ያለች ትንሽ ነገር ድምፅን እንደምትለውጥ የበገና ደርዳሪ ያውቃል፤ በክሩና በብርኩማው መካከል ቁራጭ ቆዳ የሚያስገባው ለዚሁ ነው። እርሱ የሚሻውን ንዝረት ግን ጊታረኛ አይሻውም። በመጨረሻ ፒክአፑ ለክሯ እጅግ ቀርቦ እንደሆነ እዩ፤ ማግኔቱ ክሯን እየሳበ እንደ ልቧ እንዳትርገበገብ ይከለክላታል። በጎንና በጎኑ ያሉትን ብሎኖች ግማሽ ዙር አዙራችሁ ዝቅ አድርጉትና አዳምጡ።

በዚህ ሁሉ አንድ ደንብ አትርሱ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከዚያም አዳምጡ። ሦስት ነገር አብሮ የነካካ ሰው ክሯ ብትድን እንኳ ምን እንዳዳናት አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወር ስትደነዝዝበትም እንደ ገና ከሀ ይጀምራል።