ጓደኛዬን በሃያ ደቂቃ ገደልኳት!

ርዕሱን አይታችሁ «ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ሠራች?» ብላችሁ ፖሊስ ዘንድ እንዳትደውሉብኝ። መግደሉን ገድያለሁ፤ ግን በጨዋታ ነው። በጨዋታ ይሁን እንጂ ሟቿ አኩርፋ አንድ ሳምንት ሙሉ ስልኬን አላነሳችም። ስለዚህ የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር አይደለም (እሱንማ ባለፈው ሳምንት ጠግበናል)። ሰው ሰብስባችሁ አዲስ ጨዋታ ለማጫወት ያሰባችሁ ካላችሁ የኔን ጥፋት ሰምታችሁ ተጠንቀቁ ለማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ መጥታ ስትመለስ፣ ሻንጣዋ ከብዷት አንድ ካርቶን ጥላልኝ ሄደች። ላዩ ላይ አረንጓዴ ዘንዶ ተስሎበታል። ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጀማሪዎች ሳጥን ነው። ውስጡ 32 ገጽ ያለው የሕግ መጽሐፍ፣ 64 ገጽ ያለው የታሪክ መጽሐፍ፣ አምስት ተሞልተው ያለቁ የገጸ ባህርይ ወረቀቶችና ስድስት ዳይሶች አሉት። አለቀ። የሚዘረጋ ሰሌዳ የለውም! እኔማ ሰሌዳው የወደቀ መስሎኝ አልጋ ስር ሁሉ ፈልጌአለሁ።

ኋላ ነው የገባኝ። ልጅ ሳላችሁ እቃቃ ተጫውታችኋል አይደል? «አንተ አባት ሁን፣ እኔ እናት፣ እሷ ጎረቤት ትሁን» ተባብላችሁ፣ አፈሩን ወጥ ቅጠሉን እንጀራ አድርጋችሁ የምትውሉት? ይኸው ነው እንግዲህ፤ የትልቅ ሰው እቃቃ። አንዱ አጫዋች ይሆናል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባህርይ ይይዛሉ። አጫዋቹ «መንገድ ላይ ናችሁ፣ ጫካው ውስጥ ኮሽታ ሰማችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ ያሰኛቸውን ይናገራሉ። ይሳካል ወይስ አይሳካም የሚያሰኝ ነገር ሲመጣ 20 ጎን ያለው ዳይስ ይወረወራል። ልጅ ሆነን «ተኩሼሃለሁ!» «አልነካኝም!» እየተባባልን እስከ ድንጋይ መወራወር የደረስንበትን ጭቅጭቅ እዚህ ዳይሱ ይፈርዳል።

በነገራችን ላይ ይሄን የፈጠሩት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ይባላሉ። ጋይጋክስ ሁለተኛ ደረጃን ያቋረጠ ሰው ነው። ከኢንሹራንስ ሥራው ሲሰናበት ጫማ እየጠገነ ቤተሰቡን ያኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታውን ሲያሳትሙ የመጀመሪያው እትም 1000 ቅጂ ብቻ ነበር። ይኸው ሃምሳ ዓመት አልፎት የኔ አልጋ ስር ደረሰ። (12ኛን የጨረስኩት እኔ ደግሞ ጫማ መጠገን እንኳ አልችልም።)

እንግዲህ አራት ሰው ጠራሁ። ስማቸውን አልጽፍም፣ ያውቁታል። ታናሽ ወንድሜ አለ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ውጤት የሚጠብቅ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚሠራ ጓደኛችን አለ። ፀጉር ቤት የምትሠራ አለች፤ እሷ ካለች ሬዲዮ መክፈት አያስፈልግም። አራተኛዋ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። አረብ አገር ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ከመጣች ወዲህ ግን ከቤት የማትወጣ። እናቷ «ኧረ በናትሽ አንድ ቦታ ይዘሻት ውጪ» ብለው ለምነውኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጨዋታውን ያዘጋጀሁት ለሷ ብዬ ነው።

ተዘጋጀሁ ስላችሁ ደግሞ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አስራ አራት ገጽ ማስታወሻ ጽፌአለሁ! የመንደሩን ባለ ሱቅ የልጆቹን ስም ሳይቀር አወጣሁ። ከዚያ ሁሉ ወረቀት የተጠቀምኩበት ስንት ይመስላችኋል? አንድ ገጽ ተኩል። ተጫዋቾቹ እኔ ባላሰብኩት በኩል ሄዱ፣ ባለ ሱቁም ከነልጆቹ ደብተሬ ውስጥ ቀረ። እናንተ ስትሞክሩት ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የት እንዳሉ፣ ምን እንደሚያጋጥማቸው፣ ያጋጠማቸው ሰው ወይም አውሬ ምን እንደሚፈልግ። ሌላውን እነሱው ይፈጥሩላችኋል።

እሁድ ከሰዓት ተሰበሰብን። እናቴ ቡና እያቀራረበች ነው። ወረቀቱን አደልኩ፤ ለወንድሜ ተዋጊው፣ ለባንኩ ልጅ ቄሱ፣ ለፀጉር ቤቷ ሌባዋ (ሳቀች፣ ወደደችው)። ለጓደኛዬ «አንቺ ጠንቋይዋ ነሽ» ስላት እናቴ ረከቦቱን ትታ ቀና አለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቤቴ ውስጥ ነው ጠንቋይ የምትጎትቺው?»

«እማዬ ጨዋታ ነው፤ ደግሞ ቄስም አለበት።»

«ይብስ!»

እናቴ ብቻዋን አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካም ውስጥ ብዙ ወላጅና ብዙ ሰባኪ ጨዋታው የሰይጣን አምልኮ ነው ብለው ጮኸውበት ነበር። እኔ ግን መከራከሩን ትቼ «እዚሁ ተቀምጠሽ አዳምጪ» አልኳት። ወላጅ የሚፈራው የተዘጋ በር ነው፤ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ተጫወቱ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ጥፋት አጠፋሁ፤ ሕጉን ከአንድ ጀምሬ ማንበብ። «ኤልፍ ማለት ምንድን ነው?» አለች ፀጉር ቤቷ። «ጆሮው ሾጠጥ ያለ፣ ብዙ ዘመን የሚኖር ሰው» ብዬ ማለፍ ስችል ሩብ ሰዓት አስረዳሁ። ወንድሜ ስልኩን አወጣ። አንባቢዎቼ፣ ለጀማሪ ሕግ አይነበብለትም! የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የምታደርገውን ንገረኝ፣ ካስፈለገ ዳይስ ወርውር በልሃለሁ።» ሌላውን እየተጫወተ ይለምደዋል። ካርታ ስትማሩ መጀመሪያ ሕጉን አንብባችሁ ነው እንዴ የተቀመጣችሁት?

በመጨረሻ ጀመርን። መጽሐፉ ላይ ያለው ታሪክ ዕቃ የጫነ ጋሪ አጅቦ ወደ አንድ መንደር መሄድ ነው። መንገዱ ላይ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ተጋድመዋል፤ ጥሻው ውስጥ አራት ጎብሊኖች አድፍጠዋል። ጎብሊን ማለት ቁመቱ አጭር፣ ነገሩ ረጅም የሆነ ሽፍታ በሉት። ፈረሶቹን ነገርኳቸውና ዞሬ ዞሬ ጠየቅሁ። ወንድሜ «ጎራዴዬን መዘዝኩ!» አለ። ፀጉር ቤቷ የፈረሱን ኮርቻ ኪስ በረበረች (ጎሽ!)። ጓደኛዬ ጋ ደረስኩ።

«አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ምን ላድርግ?»

«የፈለግሽውን።»

«እናንተ ያላችሁትን።»

እዚህ ጋ መቆም ነበረብኝ። ሁለት ነገር አቅርቤላት «ከጋሪው ጀርባ ትሆኛለሽ ወይስ ጥሻውን ታዪዋለሽ?» ብላት ይበቃ ነበር። ዝም የሚል ሰው «የፈለግሽውን» ሲባል ይብስ ይጠፋዋል። እኔ ግን ታሪኬ ሊያመልጠኝ ሆነና «እሺ፣ ቆመሻል» ብዬ አለፍኳት። ወዲያው ጎብሊኖቹን አወጣሁ። አንዱ ቀስቱን ሳበ። ለጉዳቱ ዳይሱን ወረወርኩ፣ 6 መጣ። በሕጉ 2 ይደመርበታል፣ 8። የጠንቋይዋ የጤና ነጥብ ስንት ነበር? 8!

«ሞተሻል» አልኳት።

የባንኩ ልጅ «ቆይ፣ የኔ ቄስ እኮ ቁስል ይፈውሳል፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል» አለ። እኔ ሆዬ፣ የአጫዋችነት ሹመት ራሴ ላይ ወጥቶ «ሞታለች አልኩ፣ አለቀ!» አልኩት። ከጀመርን ሃያ ደቂቃ ቢሆነን ነው። አቦል ገና መውረዱ ነበር። ሌሎቹ ጎብሊኖቹን አባረሩ፣ ተንጫጩ፣ ሳቁ፤ እሷ ቶናውንም በረካውንም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ! ስትሄድ «ደስ ይላል» አለችኝ። ይቺን «ደስ ይላል» ታውቋታላችሁ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሕግ መጽሐፉን ገለጥኩት። ምን አገኘሁ መሰላችሁ? የጤና ነጥብ ዜሮ ሲሆን ገጸ ባህርይው ራሱን ይስታል እንጂ አይሞትም! ተራው በደረሰ ቁጥር 20 ጎን ያለውን ዳይስ ይወረውራል። 10ና ከዚያ በላይ ከመጣ አንድ ለሕይወት፣ ከ10 በታች ከሆነ አንድ ለሞት። ሦስት ለሕይወት ቀድሞ ከሞላ ተረፈ፣ ሦስት ለሞት ከሞላ ያን ጊዜ ነው አልቅሱ የሚባለው። ቄሱም ሊያድናት ይችል ነበር። ልጅቷን ከነነፍሷ ነው የቀበርኳት ማለት ነው። እስቲ ይታያችሁ!

ደወልኩ፣ አታነሳም። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ኧረ ሐሙስም የለም። ቅዳሜ ዳይሱን ኪሴ ከትቼ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ በሩን ከፈቱልኝ፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታም ሳልሰጣት «አልሞትሽም» አልኳት።

«ምን?»

«አልሞትሽም። እኔ ነኝ ሕጉን የተሳሳትኩት።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝና «እኔ እኮ መሞቴ አይደለም ያናደደኝ» አለች። «ከሞትኩ በኋላ ማናችሁም ዞር ብላችሁ አላያችሁኝም። እዛም እንዲሁ ነበርኩ።»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ይቅርታ አልኩ፣ ደገምኩት። ከዚያ ዳይሱን አውጥቼ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጥኩት። «ያልወረወርሽው ዳይስ አለሽ፣ መብትሽ ነው» አልኳት። ፈገግ ሳትል አነሳችው። 4 መጣ፤ አንድ ለሞት። 12፤ አንድ ለሕይወት። 9! በአንድ ነጥብ ሁለተኛው ሞት። እናቷ በሩ ላይ ቆመው «ምንድን ነው?» ይላሉ፣ የሚመልስላቸው የለም። 17። እኩል ለእኩል ሆነ፣ ሁለት ለሁለት። የመጨረሻውን ከመወርወሯ በፊት እፍ አለችበት። 11።

«ተረፍሽ! ግን ራስሽን እንደሳትሽ ነሽ።»

«ራሴን ከሳትኩ ታዲያ አንዳችሁ ተሸከሙኝ እንጂ መንገድ ላይ ነው የምትጥሉኝ?»

በማግስቱ እሁድ መጣች። ቄሱ ፈወሳት (የባንኩ ልጅ «እኔ ያኔም ብዬ ነበር» እያለ፤ ይበለው፣ ልክ ነው)። በዚህኛው ዙር የተማርኩትን ሞከርኩ። ማንንም ሳልዘል እጠይቃለሁ፣ ዝምተኛዋን ሁልጊዜ ከፀጉር ቤቷ ቀድሜ። የማላውቀው ሕግ ሲመጣ ለተጫዋቹ በሚያደላው ፈርጄ አልፋለሁ፣ ማታ አነብበዋለሁ። ጨዋታውንም በቡናው ከፈልኩት፤ በአቦል መንገዱ፣ በቶና ውጊያው፣ በረካ ሲጠጣ ማቆም። ቢጣፍጥም ማቆም! መሀል ላይ መብራት ሄደ፤ ሻማ አበራን፣ ጨዋታው ጭራሽ አማረበት።

ዳይስ ከየት እናምጣ የምትሉ ደግሞ አትቸገሩ። ከ1 እስከ 20 ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እንደ እቁብ ዕጣ ጠቅልላችሁ ባርኔጣ ውስጥ ክተቱ። ሲወጣ ቁጥሩን አይታችሁ ወረቀቱን መልሱት፤ ካልመለሳችሁት ዕድሉ ይዛባል። አንድ ሉክ ወረቀትና እስክሪብቶ በቃ።

ወደ ጎብሊኖቹ ልመለስ። ዱካቸውን ተከትለው ዋሻቸው ደረሱ። ወንድሜ ጎራዴውን መዝዞ ሊገባ ሲል ጓደኛዬ እጇን አነሳች፣ ልክ እንደ ክፍል ተማሪ።

«ላናግራቸው እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

«ዓረብኛ ይችላሉ?»

መጽሐፉ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የጎብሊኖች ቋንቋ ሌላ ነው፣ ዓረብኛ የሚባል አገርም እዚያ የለም። ደብተሬን ዘጋሁትና «አጣርተው ይችላሉ!» አልኩ።

ተነሳች፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገችና በዓረብኛ ታወርደው ጀመር። ድምጿ የሷ አይደለም፤ የሌላ ሴት ነው፣ የባለቤቲቱ፣ የማዳም። ቃሉ ለማናችንም አልገባንም፣ ጣቷ ግን ይናገራል፤ እዚህ ጋ ቆሻሻ፣ እዚያ ጋ አቧራ፣ ይሄ ምንድን ነው፣ እንደገና! እናቴ ስኒውን ይዛ ደርቃ ቀረች። እኔ ጎብሊኑን ሆኜ አንገቴን ደፋሁ።

«ምንድን ነው ያልሽኝ እመቤቴ?» አልኩ በጎብሊን ድምፅ።

«ወለሉን እጠበው ነው ያልኩህ» አለች በአማርኛ።

ጎብሊኑ የዋሻውን ወለል አጠበ። መጥታ በጣቷ ነካ አድርጋ አየችና «አልጸዳም» አለችው። ፀጉር ቤቷ ሶፋው ላይ ተንከባለለች። እሷም እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ሦስት ጊዜ አሳጠበችው።

የሚቀጥለው እሁድም አለን፤ ፀጉር ቤቷ ሁለት እህቶቿን አመጣለሁ ብላለች። ሳምንት ሰው ይበለን።