«እና» ወይስ «ወይም»?

በባንክ መስኮት ጀርባ ለዓመታት የተቀመጠ ሰው ከገንዘቡ ጋር የሰውንም ልብ መቁጠር ይለምዳል። የጋራ ሒሳብ ሊከፍቱ የሚመጡ ሁለት ሰዎችን ከምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዷ አጭር ናት፤ ገንዘቡ የሚወጣው በሁለታችሁም ፊርማ ነው ወይስ የአንዳችሁ ይበቃል? «እና» ነው ወይስ «ወይም»? የንግድ ሸሪኮች ብዙ ጊዜ ሳያመነቱ «እና» ይላሉ። ባልና ሚስት ግን መጀመሪያ ይተያያሉ።

እኛ ክርስቲያኖች ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀ መልስ አለን፤ ራስን መካድ፣ ከራስ ይልቅ ለባልንጀራ ማሰብ። መልሱ እውነት ነው። ችግሩ ብዙዎቻችን ቃሉን የምናነሣው ለራሳችን ሳይሆን ለሌላው መሆኑ ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፍተን ነበር። ገንዘቡ የእኔ፣ ድካሙ የእርሱ፣ ትርፉ እኩል። እርሱ ጠዋት ከፍቶ ማታ ይዘጋል፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ መዝገብ እመረምራለሁ። አንድ ወር ሴት ልጁ ታመመችበትና ከድርሻው ላይ ጥቂት እንዲጨመርለት ለመነኝ። «ወንድሜ፣ ክርስቲያኖች አይደለንም እንዴ? ለራስህ ብቻ ማሰብህን ተው እንጂ!» አልሁት። ዝም አለ። በወሩ ቁልፉን አስረከበኝ። ከመዝገቡ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም፤ ወዳጄን ግን አጣሁ።

የሆነውን ለባለቤቴ ስነግራት «እዚህ ቤትም እኮ መዝገብ ትይዛለህ» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሌሊት ለልጅ የተነሣው ማን ነው? ቀድሞ ይቅርታ የጠየቀው ማን ነው? በባንክ የዕለቱ ሒሳብ ሳይመጣጠን ወደ ቤት አይኬድም፤ እኔ ያንን ልማድ ይዤ ቤቴ ገብቼ ኖሯል።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 13 የአብራምና የሎጥ እረኞች በተጣሉ ጊዜ ምርጫውን የተወው ታላቁ ነው። ሎጥ ውኃ የጠገበውን የዮርዳኖስን ሜዳ መረጠ፤ አብራም ግን የወንድሙን ልጅ «አንተ ራስህን ካድ» አላለውም። በኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 5ም ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን እንዳደረገው ራሱን አሳልፎ እንዲሰጥ የታዘዘው ባል ነው። እኛ ወንዶች ግን ስለ ሚስት መገዛት የሚናገረውን ቁጥር ጮክ ብለን አንብበን፣ ወደ እኛው ስንደርስ ድምፃችን ይሰልላል።

ይህን ስል ውል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። አብራምም ግራውንና ቀኙን በግልጽ ለይቶ ነው የተለያየው። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በጋራ እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል። ይህ ፍቅርን አይቀንስም። ድርሻው የታወቀለት ሰው ነውና ወዶ መስጠት የሚችለው። «ለፍቅር ስትይ ፈርሚ» የተባለች ሚስት፣ «ለክርስትና ስትል ተው» የተባለ ሸሪክ ተነጠቁ እንጂ ሰጡ አይባልም። ራስን መካድ ከራስ የሚወጣ ስጦታ ነው፤ ከሌላው የሚሰበሰብ ዕዳ አይደለም።

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ወዳጄ ቤት ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ያቺው ልጁ ነበረች። ቡና ተፈላ፤ ስለ ሱቁ ማናችንም አላነሣንም። ወደ ቤቴ ስመለስ እነዚህን ሁለት ስንኞች በደረሰኝ ጀርባ ጻፍሁ፦

የወዳጄን ድርሻ በሳንቲም ስለካ፣
የጎደለው ሒሳብ እኔው ነበርሁ ለካ።